«ሁለተኛ ቫዮሊንን ማን ይሰማዋል?»

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን እጫወታለሁ። ቫዮሊኖቹ በሁለት ቡድን ይከፈላሉ፤ አንደኞቹ ብዙ ጊዜ ዋናውን ዜማ ይይዛሉ፣ እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ የሁለተኛ ቫዮሊኖች መሪ ሆኛለሁ። የኦርኬስትራችን ሕግ ጠበቅ ያለ ነው። ዓመቱ ሲጀመር መምህራችን አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡን፤ እኛም ወላጆቻችንም ፈረምንበት። ልምምድ ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው መድረስ፣ ቫዮሊንን አዘጋጅቶ መቀመጥ፣ እርሳስ መያዝ፣ ስልክ ማጥፋት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ መለማመድ። የተለማመድነውን በልምምድ መዝገብ ላይ እንጽፋለን። በየዓርቡ የየክፍሉ፣ ማለትም የየመሣሪያው ቡድን፣ መሪ አይቶ ይፈርምበታል። ከውጤታችንም ይታሰባል።

ችግሬ ከጓደኛዬ ጋር ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ቫዮሊን የጀመርነውም አብረን ነው። እንዲያውም ደጋን አያያዝ ያሳየችኝ እሷ ናት። ሁሌም ከእኔ ትበልጥ ነበር። አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ኖታ እንጋራለን። በዓመቱ መጀመሪያ የመቀመጫ ፈተና ተፈትነን እኔ የመጀመሪያውን ወንበር አገኘሁ፤ እሷ ከጎኔ ያለውን። ያን ቀን አቅፋ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላኛለች።

ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። በየልምምዱ ታረፍዳለች። ኦርኬስትራው ተቃኝቶ ካለቀ በኋላ ትገባና ሁሉም ዞሮ ያያታል። ገጽ መግለጥ የእሷ ድርሻ ስለሆነ በሌለችበት ሰዓት እኔ መጫወቴን አቋርጬ እገልጣለሁ። የባሰው ደግሞ ከባድ ቦታ ላይ ስንደርስ ደጋኗን ከክሩ በላይ እንዲሁ ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትጫወትም። ከሩቅ ላያት የምትጫወት ትመስላለች። የእኔ ጆሮ ግን አጠገቧ ነው። አንድ ቀን «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ሳቀችና «ሁለተኛ ቫዮሊንን ማን ይሰማዋል?» አለችኝ።

ኮንሰርታችን አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል እየተለማመድን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ እያንዳንዳችን በክፍላችን ልጆች ፊት ብቻችንን ተጫውተን እንፈተናለን። ባለፈው ዓርብ መዝገቧን አምጥታ ሰጠችኝ። የአራት ሳምንቱ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ነው። 30፣ 30፣ 30። «ፈርሚልኝ፣ ጓደኛዬ አይደለሽ?» አለችኝ። ቸኩያለሁ ብዬ አመለጥኩ። ለሚመጣው ዓርብ ግን ማምለጫ የለኝም።

ብፈርም ፎርጅድ ነው። ባልፈርም ጓደኛዬን አጣለሁ። ለመምህራችን ብናገር አሳባቂ እባላለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደክሞኛል። የቤት ሥራ፣ ጥናት፣ ቫዮሊን... አንዳንድ ማታ ቫዮሊኑን ሳየው ያስጠላኛል። መሪነቱን ልተወው? እባክዎ ምን ላድርግ?

ከሁለተኛ ቫዮሊኖች ወንበር

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የታየኝ ፊርማው ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመ። «ሁሌም ከእኔ ትበልጥ ነበር» ብለሻል። ቀጥለሽ የመቀመጫ ፈተናውን አነሳሽ። ቀጥለሽ «ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች» አልሽ። ሦስቱን እንደ ዋዛ ነው የጻፍሻቸው። የነገሩ ሥር ግን እዚያ ያለ ይመስለኛል።

እስቲ አስቢው። ደጋን አያያዝ ያሳየችሽ ልጅ ናት። ለዓመታት ቀድማሽ ሄዳለች። አንድ ቀን ውጤት ተነገረና አንቺ አንድ ወንበር ቀደምሽ። አንድ ወንበር ብቻ። ግን ያቺን ወንበር በየልምምዱ ከጎኗ ታያታለች። አቅፋ «እንኳን ደስ አለሽ» ስትልሽ ከልቧ እንደነበር አምናለሁ። ሰው ለጓደኛው ደስ እያለው ለራሱ ሊከፋው ይችላል። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

እንዲህ የተከፋ ሰው ብዙ ጊዜ ምን ያደርጋል? መሞከሩን ይተዋል። ለፍቶ ከመበለጥ ሳይለፉ መበለጥ ይቀላላ። «ብለማመድማ ኖሮ...» የምትል መጠለያ ትኖረዋለች። ማርፈዱም፣ ሳቁም፣ አየር ላይ የሚሄደው ደጋንም ከዚያች መጠለያ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሊሆኑ ይችላሉ አልኩሽ እንጂ ናቸው አላልኩም። ልቧን የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ ሌላውንም ጠይቂ። ቤቷ ውስጥ ሰው ሳትረብሽ የምትለማመድበት ቦታና ሰዓት አላት? ጠዋት የሚያስረፍዳት የቤት ኃላፊነት አለባት? ቫዮሊኗስ ደህና ነው? ያረጀ ክርና ፀጉሩ ያለቀ ደጋን ጎበዙንም ተስፋ ያስቆርጣል። ትከሻዋን ወይም የእጅ አንጓዋን ያማታል? ይህኛውን በተለይ አትለፊው። ሕመም ያለበት ተጫዋች ከባድ ቦታ ሲመጣ ደጋኑን ከክር ላይ ማንሳቱ የሚያጋጥም ነው። ሕመም ከሆነ ጉዳዩ ስንፍና አይደለም። ለመምህራችሁ መነገር አለበት፣ ሐኪምም ሊያየው ይገባል። ችላ ብሎ በላዩ ላይ መጫወት ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልምጣ። «ሁለተኛ ቫዮሊንን ማን ይሰማዋል?» በሳቅ ብትጠይቀውም የምር ጥያቄ ነው፤ የምር መልስም ይገባዋል። ደግሞ እድለኞች ናችሁ። መልሱ እየተጋራችሁት ባለው ኖታ ላይ ተጽፏል።

ኖታውን ክፈቱት። ሲምፎኒው ሁሉም ሰው በሚያውቀው ባለ አራት ድምፅ ጭብጥ ይጀምራል። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ባለ ክሮቹ በሙሉ ከክላሪኔቶቹ ጋር ሆነው በኃይል ይጫወቱታል። ይቆማል። አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይደገማል። እንደገና ይቆማል። ከዚያስ? ስድስተኛው ሜዠር (በኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚከፈለው ቁራጭ) ላይ ጭብጡን በለሆሳስ የሚያነሳው ማን ነው? አንደኛ ቫዮሊን አይደለም። ሁለተኛ ቫዮሊን ነው። ከእናንተ ቪዮላ፣ ያ ከቫዮሊን ተለቅ ያለውና ወፈር ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ፣ ይቀበላል። አንደኛ ቫዮሊን የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ኃይል ካለፈ በኋላ ሙዚቃውን እንደገና የምታስነሱት እናንተ ናችሁ። የሚሸፍናችሁ መለከት የለም፤ ከበሮም የለም።

አገባቡም ቀላል አይደለም። ጭብጡ የሚጀምረው በድምፅ ሳይሆን በአጭር ዝምታ ነው። የመምህራችሁ እጅ የሚወርደው ዝምታው ላይ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። አብራችሁ ካልተነፈሳችሁ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ሁለተኛ ቫዮሊኖች ተሳሳቱ» ላይል ይችላል። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ግን ይሰማዋል።

ክፍላችሁ ውስጥ ስምንት ልጆች አሉ እንበል። አንዷ አየር ላይ ብታንቀሳቅስ የድምፁ መጠን ብዙም አይቀንስም። በዚህ በኩል ጓደኛሽ አልተሳሳተችም። ግን እናንተ የተቀመጣችሁት ፊት ነው። ከኋላ ያሉት ልጆች ደጋናቸውን የሚያወርዱት የእናንተን እያዩ ነው። እሷ ስታመነታ ኋላ ያለው ያመነታል። እሱ ሲያመነታ ከእሱ ኋላ ያለው ይፈራል። እኔ በተማሪነቴ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ተጫውቻለሁ። ከዚያ ሆኜ መምህራችንን አጥርቼ አላያቸውም ነበር። የማየው የፊተኞቹን ክንድ ነው። የፊተኞቹ ክንድ በልበ ሙሉነት ሲወርድ እኔም እጄ ይታዘዘኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ለእሷም ንገሪያት። ቤትሆቨን ራሱ በወጣትነቱ ቦን ከተማ፣ በቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ተጫዋች ነበር። መሐል መቀመጥን ያውቀዋል። ያ ጭብጥ ከእናንተ ተነስቶ ወደ ቪዮላ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ይኸው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1808 ቪየና ውስጥ ነው። ኮንሰርቱ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። አዳራሹ ይበርድ ነበር። ኦርኬስትራው በቂ ልምምድ አላደረገም። በዚያው ምሽት በቀረበ ሌላ ሥራ ላይ ተጫዋቾቹ ተዘበራረቁና ቤትሆቨን አስቁሞ እንደገና አስጀመራቸው። የተካኑት እንኳ ሳይለማመዱ ሲቀመጡ የሚገጥማቸው ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ፊርማው። አትፈርሚ።

ምክንያቴ ሕጉ ብቻ አይደለም። «ማን ይሰማዋል?» ላለችሽ ልጅ ያልተለማመደችውን ተለማምዳለች ብለሽ ብትፈርሚላት ምን ያልሻት ይመስልሻል? «ልክ ነሽ፣ ብትጫወቺም ባትጫወቺም ለውጥ የለውም» ነው ያልሻት። ይህን ከማንም በላይ ከአንቺ መስማት የለባትም። አጠገቧ የተቀመጥሽው፣ ድምፅዋ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። አለመፈረምሽ «እኔ እሰማሻለሁ» የሚል መልእክት ሊሆንላት ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን አነጋገርሽ ወሳኝ ነው።

ዓርብን አትጠብቂ። መዝገቡን ይዛ ፊትሽ ስትቆም ሁለታችሁም ትጨነቃላችሁ፤ ሌሎች ልጆችም ይኖራሉ። ቀድመሽ ብቻዋን አግኚያት። ከልምምድ ክፍሉ ራቅ ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል። «ዋሽተሻል» ብለሽ አትጀምሪ። ያንቺን ስሜት ተናገሪ። ለምሳሌ እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «መዝገብሽን ልፈርምልሽ አልችልም። ስለማልወድሽ አይደለም። አጠገብሽ ተቀምጬ ድምፅሽ ሲጠፋ ይሰማኛል። አጨዋወትሽ ናፍቆኛል። ከመቀመጫ ፈተናው ወዲህ የተከፋሽ ይመስለኛል፤ ተሳስቼም ይሆናል። ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ከዚያ ዝም በይ። ከባዱ ይህ ነው። ዝምታው ሲረዝም «ግዴለም፣ እፈርምልሻለሁ» ማለት ያምርሻል። ታገሺ። ልትቆጣ ትችላለች። «መሪ ስለሆንሽ ተኮፈስሽ» ልትልሽም ትችላለች። እንዲህ ካለች ቢያምሽም ለመከላከል አትቸኩዪ። ለወራት ያፈነችው ነገር የወጣው በዚያች ቃል ሊሆን ይችላል።

ያለፉትን አራት ሳምንታት በተመለከተ እውነተኛው መንገድ አንድ ነው። ያንን ገጽ ትተወው፤ ያልሠራችውን አልሠራሁም ትበል። ነጥብ ያስቀንሳታል፣ አውቃለሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የምትሠራውን ግን በደስታ እንደምትፈርሚላት ንገሪያት። አሥር ደቂቃም ብትሆን።

አሥር ደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው። ለወራት ለተወው ሰው 30 ደቂቃ ተራራ ነው። በአሥር ትጀምር። እናንተ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ለሩብ ሰዓት ተገናኙ። ከላይ እስከ ታች መጫወት ልምምድ ይመስላል እንጂ ብዙም አያራምድም፤ የሚበላሸው ቦታ በየቀኑ እየተበላሸ ያልፋል። አራት ሜዠር ብቻ ምረጡ፤ ደጋኗን የምታነሳበትን ቦታ። ሜትሮኖሙን፣ ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ዝቅ አድርጉት። ቤትሆቨን ለዚህ ክፍል ያስቀመጠው ፍጥነት በደቂቃ 108 ምት ነው፤ አንዱ ምት አንድ ሙሉ ሜዠር ማለት ነው። በጣም ፈጣን ነው። እናንተ በ60 ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሳይበላሽ ካለፈ አራት ጨምሩ። ከተበላሸ መልሱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ቀኑን ሙሉ በ60 ብትውሉም አይቆጫችሁ። አስቸጋሪ ከሆነ መጀመሪያ የግራ እጅ ጣቶችን ያለ ደጋን፣ ከዚያ የቀኙን እጅ ብቻ በባዶ ክር ሞክሩት። በመጨረሻ በስልክ ቅዱና አብራችሁ አዳምጡ።

እባክሽ በዚህ ሩብ ሰዓት ውስጥ አስተማሪ አትሁኚ። ይልቅ እሷ ታሳይሽ። እስካሁን የምትበልጥሽ ነገር ይኖራል። ቪብራቶዋ (ድምፁን የምታርገበግብበት የጣት እንቅስቃሴ) ነው? ኖታ ቶሎ ማንበቧ? የምር የሚከብድሽን ቦታ አንስተሽ «ይህን እንዴት ነው የምታደርጊው?» በያት። ማስመሰል ግን አይሁን፤ ታውቅብሻለች። የመጀመሪያውን ደጋን ያስያዘችሽን እጅ እንደገና ብትጠይቂ የምታጪው ነገር የለም። ለእሷ ግን ከወንበሩ ቁጥር የሚበልጥ ነገር ሊመልስላት ይችላል።

ስለ ማርፈዱ አጭር ልበል። ያቺ 10 ደቂቃ ለምን እንደተቀመጠች ብዙ ተማሪ አይነገረውም፤ ቅጣት ብቻ ትመስለዋለች። ክር ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ቅኝቱን ይለቃል። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ደጋኑን ወጥሮ፣ ሮዚን (ደጋኑ ክሩን እንዲይዝ የሚያደርገውን ሙጫ) ቀብቶ፣ ቫዮሊኑ ክፍሉን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል፤ ኦቦው (የትንፋሽ መሣሪያው) መቃኛውን «ላ» ድምፅ ይሰጣል፤ የ«ላ» ክራችሁ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሌሎቹ ክሮች ከእሷ ተነስተው ይቃኛሉ። ይህ ካለፈ በኋላ የገባ ሰው ያልተቃኘ ቫዮሊን ይዞ ይቀመጣል፤ ሌሎች እየተጫወቱ ደግሞ የራስን ክር ሰምቶ መቃኘት በጣም ያስቸግራል። ጓደኛሽ ከባድ ቦታ ላይ የምትሸሸው ድምፅዋ ስለማያምርላት ቢሆንስ? ድምፅዋ የማያምረው ደግሞ ሳትቃኝ ስለምትገባ ቢሆንስ? ይህን ብትነግሪያት ከ«ለምን ታረፍጃለሽ» ይሻላል።

የኖታው ገጽ መግለጥ ጉዳይ ቀላል ነው። ያቺ ወንበር ባዶ ስትሆን ከኋላሽ ያለውን ልጅ ወደ ፊት ጥሪው። በየትኛውም ኦርኬስትራ የተለመደ ነው። ስትመጣ ወንበሯን ይለቅላታል። ማስቀየም አይደለም፤ አንቺ ግን መጫወትሽን ማቋረጥ የለብሽም። መሪዋ ካቆመች ክፍሉ ሁሉ ይቆማል።

አሁን መምህራችሁ። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልደብቅሽ አልፈልግም። የእኩያን ውጤት በእኩያ ፊርማ ላይ ማንጠልጠል ጥሩ አሠራር አይመስለኝም። የ11ኛ ክፍል ተማሪን ከጓደኛዋና ከህሊናዋ መሐል ያቆማል። መምህራችሁ ይህን ያደረጉት ኃላፊነት ሊያስተምሯችሁ ብለው ይሆናል፤ ክፋት አይታየኝም። ግን ክብደቱን ላያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ ሄደሽ ስለ ጓደኛሽ ሳይሆን ስለ ራስሽ ተናገሪ። «መምህር፣ የጓደኞቼን መዝገብ መፈረም ከብዶኛል። ወላጅ ወይም እርስዎ ቢፈርሙት ደስ ይለኛል» በያቸው። ይህ ማሳበቅ አይደለም። የማንንም ስም አላነሳሽም።

አንድ ሐሳብም ይዘሽላቸው ሂጂ። መዝገቡ ደቂቃ ብቻ ከሚቆጥር ምን እንደተስተካከለ ቢጽፍስ? «30 ደቂቃ» ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። «ከሜዠር 6 እስከ 9፣ አገባቡ፣ ከ60 ወደ 76 ደረሰ፤ አራተኛው ጣት ገና ነው» ብሎ መጻፍ ግን ሳይሠሩ ያስቸግራል። በእውነት የሚለማመደውንም ይጠቅመዋል፤ ነገ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ክፍላችሁ ብቻ ለሁለት ሳምንት ቢሞክረው ብለሽ ጠይቂያቸው።

በቀጥታ «ጓደኛሽ ትለማመዳለች?» ብለው ቢጠይቁሽስ? አትዋሺ። ግን ሁሉን ነገር አንቺ መናገር የለብሽም። «እሷን ራሷን ቢያናግሯት ይሻላል፤ የከበዳት ነገር ያለ ይመስለኛል» በያቸው። ስለ ሕመም ከነገረችሽ ደግሞ አብረሻት ሄደሽ እንድትናገር አበረታቻት።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ብታኮርፍስ? ልታኮርፍ ትችላለች። ኩርፊያው ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ያኔም ሰላምታሽን አትንፈጊያት፤ ኖታውን እንደ ወትሮው አጋሪያት፤ በሌለችበት የተነገረውን የደጋን አቅጣጫ በእርሳስ ጽፈሽ ጠብቂያት። ለሌሎቹ ልጆች ግን አንዲት ቃል አትንገሪ። ወይም ደግሞ ከልቧ አስባ ቫዮሊን ከእንግዲህ አልፈልግም ልትል ትችላለች። ያም መብቷ ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያላችሁ ነገር ከአንድ የኖታ መቆሚያ ይሰፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ አንቺ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ደክሞኛል ብለሽ ቶሎ አለፍሽው። እኔ አላልፈውም። ቫዮሊኑ የሚያስጠላሽ በየትኛው ማታ ነው? ብዙ የቤት ሥራ ባለበት ቀን ነው ወይስ ከጓደኛሽ ጋር በተናደድሽበት ቀን? ለሁለት ሳምንት ልብ ብለሽ እይው። መልሱ ሁለተኛው ከሆነ የደከመሽ ሙዚቃው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በርሊን ውስጥ በአንድ የሙዚቃ አካዳሚ ቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ከዚያ ጥናት ሰው ሁሉ የያዘው የልምምዱን ሰዓት ብዛት ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ነው። ጎበዞቹ ልምምዳቸውን ከፋፍለው፣ በመሐል እያረፉ ነበር የሚሠሩት። ከሌሎቹ ይበልጥ ይተኙም ነበር። ስለዚህ 30 ደቂቃሽን ለሁለት ክፈያት። 15 ከትምህርት ቤት እንደገባሽ፣ ሌላውን 15 ደግሞ በቤት ሥራው መሐል፣ ከመጽሐፍ ቀና ለማለት። ሌሊት ዓይንሽ እየተጨፈነ አትጫወቺ። ሕጋችሁ አምስት ቀን ነው የሚለው፤ የቀሩትን ሁለት ቀናት ያለ ጸጸት እረፊባቸው። በየቀኑ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንም ያላዘዘሽን፣ የምትወጂውን ዜማ አንድ ጊዜ ተጫወቺ።

መሪነቱን ልተወው ወይ ላልሽው፣ በዚህ ሳምንት አትወስኚ። ከኮንሰርቱ በኋላ አስቢበት። እስከዚያ ግን ሥራሽን በልኩ አድርጊው። የክፍል መሪ የደጋን አቅጣጫ ከአንደኛ ቫዮሊን ተቀብላ ወደ ኋላ ታስተላልፋለች። በመግቢያ ቦታዎች ላይ በትንፋሿና በክንዷ ታስገባለች። ለመምህሩ ጥያቄ ታቀርባለች። ሰው ቤት ገብታ ሰዓት አትቆጥርም። ያን ሸክም ከትከሻሽ ብታወርጂው ወንበሩ የሚቀልሽ ይመስለኛል። ያኔም ከከበደሽ ለሌላ ሰው መልቀቅ አያሳፍርም።

እንግዲህ ንግግሩን ከዓርብ በፊት አድርጊው። በቀጣዩ ልምምድ ቀን ደግሞ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ ግቢ። ሁለቱን ወንበሮች አስተካክዪ። ኖታውን ከወትሮው ትንሽ ወደ እሷ ጠጋ አድርጊው። ስድስተኛው ሜዠር ላይ፣ ከዝምታው ምልክት በላይ፣ በእርሳስ «አብረን እንተንፍስ» ብለሽ ጻፊበት። ስታየው ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።